የኅዳር ሳምንት በካሜራ፦ ከፒያሳ እስከ መስቀል አደባባይ

ለፎቶ ኅዳርን የሚያህል ወር የለም። ዝናቡ አልፏል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አቧራውም ገና አልተነሳም። ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ካሜራ የያዘ ሰው ግን ብርዱን ችሎ መውጣት አለበት፤ ምክንያቱም ጥሩው ብርሃን ቶሎ ያልቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው። ረፋዱ ገፋ ካለ በኋላ ፀሐይዋ ትበረታለች፤ የሰው ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ነጭ ግድግዳ ደግሞ ፎቶው ላይ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ዕቅዳችን ቀላል ነበር። እስከ 3 ሰዓት ማንሳት፣ ቀትሩን ሙዚየም ወይ ምሳ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና መንገድ።

«ዕቅዳችን» ያልኩት ከአክስቴ ልጅ ጋር ስለሆንኩ ነው። ከደሴ መጥታ እኛ ጋ ቀበና ናት ያረፈችው። ነርስ ናት፤ እረፍት ወስዳ ነው የመጣችው። እሷ በስልኳ ታነሳለች፣ እኔ በአሮጌ ካሜራዬ። ሌንስ አንድ ብቻ ነው የያዝኩት፣ የማያቀርብ። ሰው ማንሳት ከፈለግሁ ራሴ መቅረብ፣ ሰላም ማለት፣ ማስፈቀድ አለብኝ። እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ፒያሳ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ያለችው እሷ ናት። ፀሐይዋ ገና ከሕንፃዎቹ ጀርባ ነበረች።

ምኒልክ ሐውልት አጠገብ አንድ ፎቶ አንሺ ቀድሞን ቆሟል። አንገቱ ላይ ካሜራ፣ እጁ ላይ ናሙና ፎቶዎች። እኔም ካሜራ መያዜን እያየ «ላንሳችሁ?» አለ። እሺ አልነው። ቦታውን የሚያውቀው እሱ ነው። «ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ፣ እዚያ ጋ ፈረሱ ሙሉውን ይገባል» አለን። እውነቱን ነው። የፊት እግሮቹን ያነሳው ፈረስ ከዚያ ነጥብ ሲታይ ምሰሶም ሕንፃም ሳይነካው ሰማዩ ላይ ብቻውን ይቆማል።

ሐውልቱ የተመረቀው በ1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው። ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ ከቦታው አንስቶ ቀበረው፤ ከድል በኋላ ወጥቶ ተመልሶ ቆመ። ፎቶ አንሺው ይህን በቃሉ ይወጣዋል። ለሚያነሳው ሰው ሁሉ ይነግራል፣ ለዚያ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከዚያ ወደ ጊዮርጊስ ተሻገርን። ስምንት ማዕዘኑ ካቴድራል የተሠራው ለዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው። ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. በእሳት አጋይተውታል፤ ዛሬ የምናየው ከዚያ በኋላ የታደሰውን ነው። ውስጡን የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች አስጊጠውታል። እኛ ግን ከደጁ አላለፍንም። ነጠላ የለበሱ እናቶች አጥሩን ተደግፈው ይጸልዩ ነበር። አንዷን እማማ ከጸሎታቸው እስኪያበቁ ጠብቀን አስፈቀድናቸው። «ፊቴን ተወው፣ ልጄ፤ እጄን አንሳ» አሉኝ። ጣቶቻቸው መቁጠሪያው ላይ ናቸው። ከሳምንቱ ፎቶዎች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ።

የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም እዚያው ፊት ለፊት ነው። በየካቲት 2016 ነው የተመረቀው። ውስጡን በግማሽ ሰዓት እሮጥበታለሁ የሚል ሰው ባይገባ ይሻለዋል፤ ለብቻው አንድ ቀን ይፈልጋል። ከውጭ ብቻ አንስተን አለፍን።

ቶሞካ ገብተን ቆመን ማኪያቶ ስንጠጣ የአክስቴ ልጅ ከቦርሳዋ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጣች። «ይቺን ቦታ ፈልግልኝ» አለችኝ። ፎቶው ላይ ያለችው እናቷ ናት። አፍሮ ጠጉር፣ አጭር ቀሚስ፣ ክንዷ ላይ ቦርሳ። ከኋላዋ የእንጨት ሰገነት ያለው ፎቅ ይታያል። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ፒያሳ፣ 1965» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም።

አስተናጋጆቹ አላወቁትም፤ ልጆች ናቸው። ታክሲ ተራ አስከባሪው ግራ ገብቶት መለሰልን። በመጨረሻ ጊዮርጊስ አጥር ጥግ ጫማ የሚጠርጉ አንድ አባት ጋ ደረስን። መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ወደ ብርሃን አዞሩት። «ይሄማ ዶሮ ማነቂያ መግቢያው ነው» አሉ ወዲያው። «ታች ሥጋ ቤት ነበር፣ ላይ ልብስ ሰፊ። ሰገነቱ ላይ ሁሌ ልብስ ይሰጣ ነበር።» ብሩሻቸውን አስቀምጠው አብረውን ተነሱና ቦታውን አሳዩን።

አሁን እዚያ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አትክልት፣ መብራትና አግዳሚ ወንበር ነው ያለው። ዶሮ ማነቂያና አካባቢው የፈረሱት በ2016 ነው። አግዳሚው ላይ አንዲት እናት ልጇን ታጠባለች። አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ያለ ሥጋት ይራመዳሉ፤ ድሮ በዚያ ግፊያ ይህን ማድረግ ከባድ ነበር። መንገዱ አምሯል። ሰገነቱ ግን የለም፣ ልብስ ሰፊውም የለም፣ እሱን የሚያውቁት ጎረቤቶችም በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ደስታዬም ኀዘኔም እውነት ነው፤ አንዱን ለመደበቅ አልፈልግም።

የአክስቴ ልጅ እናቷ የቆመችበት ቦታ ቆመች፣ አነሳኋት።

እዚያ ቆሜ አንድ ነገር አሰብኩ። ፒያሳ የፎቶ ቤቶች ሰፈር ነበረች። አርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰቦች ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ፣ አባት ከዚያም ልጆች፣ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ስለዚህ የነገሥታቱ ምስል አለን። የልብስ ሰፊው ግን የለንም። ያ ሰገነት ተርፎ ያየነው አንዲት ወጣት ሴት አምሮብኛል ብላ ፊቱ ስለተነሳች ብቻ ነው። ከተማው በዚህ ፍጥነት ሲለወጥ ተራ የሚመስለው ነገር ነው ቀድሞ መነሳት ያለበት፦ የሱቁ ማስታወቂያ፣ ደረጃው፣ በሩ ላይ የቆመው ሰው። ሐውልቱን ሌላውም ያነሳዋል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ከቀበና አራት ኪሎ በእግር ወጣን። የሚያዝያ 27 ሐውልት ላይ የጠዋቱ ብርሃን በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚያርፈው፤ ለጥቁርና ነጭ ይመቻል። ለአክስቴ ልጅ ቀኑን አስረዳኋት። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ንጉሡ ከስደት ተመልሰው የገቡትም ሚያዝያ 27 ቀን ነው፣ በ1933። አምስት ዓመት፣ ቀን ሳይዛነፍ። «ቀኑን መርጠው ነዋ!» አለች።

በ1914 ዓ.ም. ወደተቋቋመው ወደ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በኩል አለፍን። እኔ ተማሪ ሳለሁ አራት ኪሎ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ጋዜጣ በኪራይ የሚያነቡ ሥራ ፈላጊዎች ነበሩ። አከራዩ በላስቲክ የተጠቀለለ ክምር ይዞ አጠገባቸው ይቆማል፤ አንብበህ ትመልሳለህ። አሁን የሥራ ማስታወቂያ በቴሌግራም ነው የሚመጣው። ያኔ ካሜራ አልነበረኝም፤ ያንን መስመር ሰው ማንሳት እንዴት ደስ ባለኝ።

ቅድስት ሥላሴ ግቢ የአርበኞቹን መቃብር እየዞርን አየን። ሲልቪያ ፓንክረስት እዚያ ናቸው ያረፉት። እንግሊዛዊት ሆነው ስለ ኢትዮጵያ በጋዜጣ የታገሉ፣ ኋላም መጥተው እዚሁ የኖሩና እዚሁ የሞቱ ሴት። የአክስቴ ልጅ መቃብራቸው ጋ ረጅም ጊዜ ቆየች። ቤተ መንግሥቱ አካባቢ ካሜራችንን ቦርሳ ውስጥ ከተትን፤ እዚያ ማንሳት አይፈቀድም።

ረቡዕ ስለሆነ ምሳችን በያይነቱ ነበር። አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም አጠገብ በላን። ቀትሩን ለድንቅነሽ ሰጠን። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት እሷ የተገኘችውም በኅዳር ነው፣ ሐዳር ላይ፣ በ1967 ዓ.ም.። አንድ የትምህርት ቤት ቡድን ከመስታወቱ ፊት ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ቁመቷን በእጇ ለክታ «ከእኔ ጋር እኩል ናት!» ብላ ጮኸች። ልጆቹን ያለ ወላጅ ፈቃድ አላነሳኋቸውም። መስታወቱ ላይ የቀረውን የእጅ አሻራ ግን አነሳሁ፤ ከጀርባው ድንቅነሽ ደብዘዝ ብላ ትታያለች።

ስድስት ኪሎ ስንደርስ 10 ሰዓት ሆኗል። ብርሃኑ ተመልሷል። የሰማዕታት ሐውልት ላይ ያሉትን የነሐስ ምስሎች ሰው ከታክሲ ወርዶ በችኮላ ነው የሚያልፋቸው። እባካችሁ ጠጋ በሉ። የሠሯቸው ሁለት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው፣ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች። የወደቁ ሰዎች፣ የእናቶች እጅ፣ የወታደር ጫማ። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት እዚሁ ማዶ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ ለሦስት ቀን ከተማው ታረደ። የኢትዮጵያ መንግሥት ያለቀውን ሰው ወደ 30 ሺህ አድርሶታል። የጎን ብርሃን ሲመታው ከነሐሱ ላይ እያንዳንዱ ፊት ለየብቻው ይወጣል። አንድ ፊት ብቻ መርጬ አነሳሁ፤ ሁሉንም በአንድ ፎቶ መክተት ሰዎቹን ቁጥር ያደርጋቸዋል ብዬ ስለማምን።

ቤተ መንግሥቱ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። ከፊት ለፊቱ ጣሊያኖች የሠሩት ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝን አንድ ዓመት እንዲቆጥር ነበር። ከድል በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ደረጃውን አላፈረሱትም፣ ጨረሱት። የአክስቴ ልጅ ከታች ሆና በስልኳ ያነሳችው ከእኔ የተሻለ ወጥቷል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ቸርችልን ከላይ ወደ ታች ወረድነው። ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ቆሞ ወደ ለገሃር ማየት የአዲስ አበባ ትልቁ እይታ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ከተማው በሁለቱም በኩል ይከፈታል። ማዘጋጃ ቤቱን የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፣ አፍሪካ አዳራሽንም የሠራው እሱ።

ሰማዩ ዳምኖ ስለነበር ብዙም አላነሳንም። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን የሞሪስ ካልካን አንበሳ ግን ማንም ሰው ሳያነሳ አያልፍም። ለገሃርም ሌላ አንበሳ አለ። ባለ ወርቅ ቅቡ የይሁዳ አንበሳ ከጣቢያው ፊት ተነቅሎ ሮም ተወስዶ ነበር። ዘርአይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. እዚያ ሲያየው ተንበርክኮ ጸለየ፣ ሲከለክሉት ጎራዴውን መዘዘ ይባላል። አንበሳው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ቦታው ተመልሷል። የአክስቴ ልጅ አያታችን ድሬዳዋ ለንግድ የሄዱት በዚህ ባቡር መሆኑን ስነግራት ጣቢያውን በሌላ ዓይን አየችው። የመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ሩቅ አልሄድንም። ኅዳር ሲታጠን ስለሆነ ፎቶው ደጃችን መጣ።

ከ12 ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩ ሲጠርግ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ የግቢያቸውን ቅጠል፣ ያረጀ ቅርጫትና የተቀደደ ሰሌን አንድ ላይ ከምረው ክብሪት ጫሩ። ጭሱ መጀመሪያ በመሬት ነው የሄደው። ከዚያ ከባሕር ዛፎቹ መሐል የገባችው ፀሐይ አገኘችውና ጨረሯ አንድ በአንድ ተለየ። እትዬ መጥረጊያቸውን ይዘው መሐሉ ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ በአንድ ዓይናቸው ወደ እኔ እያዩ። አነሳሁ።

ልማዱ ከባድ ታሪክ አለው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. በዓለም የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ፤ ሰዉ «የኅዳር በሽታ» አለው። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። እትዬ ከአያታቸው የሰሙትን ነገሩን፦ ቀባሪ ጠፍቶ ሰው በየቤቱ ቀረ፣ የተረፈው ቆሻሻውን ሰብስቦ አጠነ።

የአክስቴ ልጅ አልቻለችም፤ ነርስነቷ ወጣ። «እትዬ፣ ፕላስቲኩን ብቻ አይጨምሩት። ሳንባ ይጎዳል፣ ለልጆቹ ደግሞ ይብሳል።» እትዬ ትንሽ አሰቡና ፌስታሎቹን ለይተው ወደ ማዳበሪያ ከረጢት ወረወሩ። «ያኔም ለጤና ነው የተጀመረው፤ እሺ» አሉ። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ጽዳቱ ይቀጥል፣ ላስቲክ ማቃጠሉ ይቅር። በኋላ ሚካኤል ሄደው ሲመለሱ የንፍሮ ሰሃን ይዘው መጡ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። እዚህ የሚጣል ነገር የለም። ጎማው ጫማ ይሆናል፣ ጣሳው ኩራዝ፣ በርሜሉ ምድጃ።

መጀመሪያ የጠየቅነው ነጋዴ «አይቻልም» አለ። አመስግነን አለፍን። እምቢ ማለት መብቱ ነው፤ የሚለምን ፎቶ አንሺ አይመቸኝም። ሁለተኛው ሰውዬ በርሜል እየቆረጠ ነበር። ቀና ሳይል «ፎቶውን ምን ታደርገዋለህ?» አለ። ለራሴ ማስታወሻ እንደሆነና ለእሱም አሳትሜ እንደማመጣ ነገርኩት። «ካመጣህልኝ አንሳ። ሥራውን ግን አላቆምም።»

ጎኑ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። በርሜሉን በጎኑ አጋድሞ በእግሩ ይይዘዋል። መሮውን አስቀምጦ በመዶሻ ይመታል፣ ትንሽ ያራምደዋል፣ ደግሞ ይመታል። አይለካም። መስመሩ ግን ዞሮ የተነሳበት ነጥብ ላይ ይገጥማል። ከዚያ የተቆረጠውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፎ ይቀጠቅጠዋል፣ የሴቶች እጅ እንዳይቆርጥ። ለአመድ መውጫ በር ይከፍታል፣ ለከሰሉ ማስቀመጫ የተበሳ ቆርቆሮ ይገጥማል። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሯል። ዓመታት መዶሻው ያረፈበት ነው። ለሃያ ደቂቃ ፊቱን አላነሳሁም፤ እጁን ብቻ። በመጨረሻ ምድጃውን አቁሞ በመዳፉ ሲጠርገው ራሱ ቀና አለና «አሁን አንሳኝ» አለ። ፈገግ አላለም። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ምድጃው ከጎኑ።

ማታ ፎቶ ቤት ሄደን የመረጥናቸውን አሳተምን። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ጀርባቸው ላይ ጻፍንባቸው። ቀን፣ ሰፈር፣ ከየትኛው አቅጣጫ እንደተነሳ፣ ጎኑ ምን እንዳለ፣ ሰውየው የነገረን ነገር። የአክስቴ ልጅ የእናቷን ፎቶም ገልብጣ «ፒያሳ፣ 1965» ከሚለው ሥር ጨመረችበት፦ «ዶሮ ማነቂያ መግቢያ። ታች ሥጋ ቤት፣ ላይ ልብስ ሰፊ።»

እሑድ፣ ኅዳር 14

ታላቁ ሩጫ! በኃይሌ ገብረ ሥላሴ አነሳሽነት በኅዳር 1994 ሲጀመር ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ነው። መስቀል አደባባይ በማለዳ ሞልቷል። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሰ ሰው በአስር ሺዎች። ደረጃዎቹ ላይኛው እርከን ላይ ወጥተን ነበር፤ ጀማሪ ፎቶ አንሺ ሁሉ ከዚያ ቢጀምር እመክራለሁ። ጅማሬው ላይ ሰዉ አይሮጥም፣ ይጨፍራል። አንድ ቡድን ከበሮ ይዞ ነው የመጣው። አንዲት እናት ሴት ልጃቸውን በትከሻቸው ተሸክመው በፈጣን እርምጃ ይሄዱ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮም ቀረጽኩ፤ ድምፁን ፎቶ አይዘውማ።

ነገ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ከሩጫው በኋላ ሥጋ ቤቱ ሁሉ የቅበላ ገበያ ነበረው። ካዛንቺስ ቦታ አግኝተን ጥብስ አዘዝን። የሮጡት ቲሸርታቸውን ሳያወልቁ፣ ሜዳሊያቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ይበላሉ። ጎናችን የተቀመጡት ፎቶዎቹን አይተው «እስቲ አሳዩን» አሉ። ክምሩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። አንዱ ጋሼ የእናቷ ፎቶ ላይ ቆሙ። «ይሄን ሰገነት አውቀዋለሁ፤ ሱሪ አሰፍቼበታለሁ» አሉና የሰፊውን ስም ነገሩን። የአክስቴ ልጅ እስክሪብቶዋን አወጣች።

እሷ ነገ ንጋት ላይ ወደ ደሴ ትሳፈራለች። እኔ ማክሰኞ ምናለሽ ተራ ነኝ፤ የምድጃ ሠሪውን ፎቶ በትልቁ አሳትሜለታለሁ።